ማሽኑ የሰረዛቸው ወለተ ማርያሞች

ጎጃምን ለሚያውቅ ሰው አይደለም የምጽፈው፤ እሱ ያውቀዋል፣ ይተወኝ። የምጽፈው አዳማ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠው «በላቸው፣ እስቲ ደግመህ አውራልን» ለሚሉኝ ሰዎች ነው። ደጋግሜ አወራሁ፣ ምላሴ ደከመ። አንዴ ልጻፈውና ማንበብ የሚችል ያንብብ፤ የማይችል ደግሞ እንደኔ ይማር።

እኔ የተማርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ለእውቀት ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ በንዴት ነው። ድሮ ሌላ መጋዘን ተሸካሚ ሳለሁ አንድ ወረቀት አምጥተው «አውራ ጣትህን እዚህ አትም» አሉኝ። አተምኩ። በማግሥቱ ዘበኛው በር ላይ አቁሞ አነበበልኝ፤ «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄያለሁ» ይላል። ፈቃዴን ከዘበኛ ሰማሁ። በዚያው ሳምንት የማታ ትምህርት ገባሁ፤ ከልጄ እኩያ ጋር ተደርድሬ ሀ ሁ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሳላነብ የምነካው ወረቀት የለም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን እንኳ እስከ መጨረሻው አነባለሁ።

አሁን በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ አስረካቢ ነኝ። እህሉን ከመጋዘን ተረክቤ፣ ከመኪናው ጋር ሄጄ፣ ለባለቤቱ አስረክቤ እመለሳለሁ። ድሮ በወረቀት ነበር። ዘንድሮ ድርጅቱ «ዲጂታል ሆነናል» አለ። በየጆንያው ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ምልክት ተለጠፈ፣ ለእኔም ስልክ ተሰጠኝ። ያሠለጠነችኝ ቤቲ የምትባል የዋናው ቢሮ ልጅ ናት።

«ጋሽ በላቸው፣ ከእንግዲህ ጆንያው ራሱ ይናገራል» አለችኝ።

«ሃያ ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም» አልኳት።

ሥራው እንዲህ ነው። ስልኩን ጆንያው ላይ አነጣጥራለሁ፣ ከዝርዝሩ የሰውየውን ስም እመርጣለሁ። አረንጓዴ ከበራ እሰጣለሁ። ቀይ ከበራ አልሰጥም። አረንጓዴ ያላገኘ ጆንያ ተመልሶ አዳማ ይመጣል። በረዶ ሰብሉን ለመታበት ለአንድ የጮቄ ተራራ ሥር ቀበሌ መቶ ዘጠና ጆንያ ስንዴ ጫንን። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጆንያ ነው። መኪናው ኪራይ ስለሆነ ኅዳር አሥራ ሁለት ከሰዓት በኋላ ከዚያ መነሳት አለበት ተባለ።

የመጀመሪያው ቀን። ከአዳማ በጠዋት ወጣን። ሾፌሩ ግርማ ይባላል። ወፍራም ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ያምናል፣ ፍሬንና ሽሮ። ጎሐ ጽዮን አደርን። የአልጋው ልብስ አራት ብርድ ልብስ ነበር። አዳማ አንሶላ የሚነጠፈው ለጌጥ ነው፤ እዚህ አራቱን ደርቤ ካልሲዬን እንኳ አላወለቅኩም። ሌላ የሚወራ ነገር የለም፤ ሽሮው ጥሩ ነበር። ግርማ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ሁለተኛው ቀን። ዓባይ በረሃ ወረድን። በጉዞው ሁሉ አገሬን የመሰለኝ ይህ ቦታ ብቻ ነው፤ ይሞቃል። ሹራቤን አውልቄ ደስ ብሎኝ ስቀመጥ ስልኩ ጮኸ። ቤቲ ናት። መኪናው ላይ የተገጠመ ነገር አለ፣ የት እንደደረስን ቢሮ ተቀምጣ ታያለች።

«ጋሽ በላቸው፣ ሃያ ደቂቃ ቆማችኋል። ችግር አለ?»

«ዝንጀሮ ነው።»

«ምን?»

«ዝንጀሮ የግርማን ዳቦ በመስኮት ወስዶ፣ ግርማ ካላስመለስኩ አልነዳም ብሏል።»

ለዝንጀሮ የሚሆን ቦታ ማሽኑ ላይ የለም መሰለኝ፣ ስልኩን ዘጋችው።

ሉማሜ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ። ጎማው እስኪቀየር አንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ወዴት ነው በዚች ሹራብ?»

«ጮቄ ሥር።»

«ጋቢ የለህም?»

«የአዳማ ሰው ነኝ።»

«ብርዱ ይህን አይጠይቅህም» አለችና ጓዳ ገብታ የባሏን ጋቢ አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። «ስትመለስ ጣልልኝ።»

ስሜን አልጠየቀችም፣ ስልኬን አልያዘችም። እኛ ሰፈር ጎረቤቴ መሰላል ሲያውሰኝ ጫማዬን መያዣ ያስቀምጣል። ሴትዮዋ ሞኝ ናት ብዬ ተነሣሁ። ማታ ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ግን ሞኙ ማን እንደሆነ ገባኝ፤ ጋቢው ባይኖር እዚያው እቀር ነበር።

ሦስተኛው ቀን። የምንሄድበት ቀበሌ በደብሩ ነው የሚጠራው፣ ሚካኤል ይባላል። ግርማ «ሰው እንጠይቅ» አለ። እኔ ደግሞ፣ ጥፋቴን ልናገር፣ በአዲሱ ስልክ ልቤ አብጦ ነበር። «ካርታው ውስጥ አለ» አልኩት። ጻፍኩ፤ ሚካኤል። ስልኩም አገኘው፣ መንገዱን በሰማያዊ አሰመረልኝ። ሰማያዊውን ተከትለን ወደ ምዕራብ፣ አማኑኤል ከተማን አልፈን፣ በጭቃ ታግለን አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደረስን። «ደርሰዋል» አለ ስልኩ፤ በሴት ድምፅ፣ በኩራት።

አንድ ቄስ መጡ። ስንዴ እንዳመጣን ነገርኳቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥልን። ለምን?»

«በረዶ ስለመታችሁ ነዋ።»

ቄሱ ማሳቸውን ዞረው አዩት። ጤፉ ተኝቶ እስኪታይ አፍርቷል። «መቼ?» አሉኝ።

«ሚካኤል አይደለም እንዴ ይህ?»

«ነው። የትኛውን ሚካኤል ነው የፈለጋችሁ? ጎጃም ውስጥ ጉብታ ሁሉ አንድ ሚካኤል አለው።»

ግርማ ወደኔ አላየም። ወደ ሰማይ ነው ያየው፤ ይህ ከስድብ ይብሳል። ቄሱ ግን «ተሳስቶም የመጣ እንግዳ እንግዳ ነው» ብለው ቤታቸው አስገቡን። የበላነውን አልዘረዝርም፤ አዳማ ያለ ሰው ይቀናል። እያጎረሱኝ ሳለ ቤቲ ደወለች።

«ጋሽ በላቸው፣ ለምን አማኑኤል ጋ ሄዳችሁ?»

«የላከን ስልክሽ ነው። እሱን ጠይቂው፤ እኔ አፌ ሙሉ ነው።»

ደብረ ማርቆስ ተመልሰን አደርን። አንድ ቀን በዚህ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ግርማ በየመንገዱ ሰው ሲያይ መስኮት ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፤ ለመበቀል ያህል፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይም።

አራተኛው ቀን፣ ኅዳር አሥር። በሮብ ገበያ በኩል አድርገን ወጣን። መንገዱ ሲወጣ መኪናው እንደ አስም ያለበት ሰው ነው የሚተነፍሰው። ከሰዓት በኋላ ትክክለኛው ሚካኤል ደረስን። በረዶ መምታቱን መጠየቅ አላስፈለገም፤ ገብሱ በሙሉ መሬት ላይ ተኝቶ በስብሷል፣ ሰው የረገጠው ምንጣፍ ነው የሚመስለው።

ሕዝቡ ተሰብስቦ ጠበቀን። አንዲት ሴት የጆንያውን ምልክት ጠጋ ብላ አይታ «ጆንያውም ክታብ ያስራል እንዴ?» አለች። ሳቁ። እኔም ስልኩን አውጥቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ዝርዝሩን ከፈትኩ።

አርባ ሦስት ስም።

መቶ ዘጠና ጆንያ ይዤ መጥቼ አርባ ሦስት ስም። አስነስቼ አየሁት፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ በጋቢዬ ወለወልኩት። አርባ ሦስት ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «ወለተ ማርያም ገብረ ሚካኤል።»

አሥራ አንድ ሴቶች «አቤት» አሉ። ወዲያው ደግሞ ደንግጠው አፋቸውን ያዙ።

ያኔ ከኋላ አንድ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። መሪጌታ እንባቆም ናቸው፤ የደብሩ የቅኔ መምህር፣ አገሩ «የኔታ» ይላቸዋል። በረዶው እንደጣለ ሰው እንዲመዘግቡ ቀበሌው የለመናቸው እሳቸውን ነው፤ ጽሕፈታቸው ስለሚያምርና በአገሩ ሁሉ ሰውን ከነአባቱ የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ። ጆንያው በወረቀቱ ልክ ተጫነ፤ ወረቀቱ ግን አዲስ አበባ ሄዶ ማሽኑ ውስጥ ገባ። ወረቀቱን አሳዩኝ። መቶ ዘጠና ሰው፣ አንድ ሳይጎድል። ግን ሁሉም በክርስትና ስም! ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሚካኤል፣ ወልደ ጊዮርጊስ፤ አባትየውም እንደዚያው።

«የኔታ፣ ምን ነክቶዎት ነው?» አልኳቸው።

«ወረቀቱ ላይ ‹ስም› ይላል። የትኛው ስም ይላል? አይልም» አሉ ሳይበሳጩ። «እኔ ሙት የማስታውስበት መዝገብ አለኝ፣ ምሕላ የማደርስበት መዝገብ አለኝ፣ ሁሉም በክርስትና ስም ነው። የእርዳታ መዝገብ ሲሉኝ፣ እርዳታ ከላይ ነው ብዬ ላይ በሚታወቁበት ጻፍኳቸው።»

በራሳቸው በኩል ልክ ናቸው።

ኔትወርክ ፍለጋ ተነሣን። በዚያ አገር ስልክ የሚሠራው አንድ ቦታ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ የአንድ ቀኛዝማች መቃብር ድንጋይ ላይ። አጠገቡ ቢቆሙ አይሠራም፤ ላዩ ላይ ነው። የልጅ ልጃቸው ፈቅዷል አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ።

«ሄሎ ቤቲ፣ ቀኛዝማቹ መቃብር ላይ ነኝ።»

«እ? ጋሽ በላቸው፣ ደህና ነዎት?»

ነገርኳት። እሷም ነገረችኝ፤ ስም፣ የአባት ስምና ቀበሌ አንድ ከሆነ ሥርዓቱ «ይህ አንድ ሰው ነው፣ ሁለት ጊዜ ሊወስድ ነው» ብሎ አንዱን ትቶ ሌላውን ይሰርዛል። ሌባ ለመያዝ የተሠራ ነው። አሥራ አንዱን ወለተ ማርያም አንዲት ሌባ አደረጋቸው።

«ማስተካከያው በደብዳቤ ነው የሚጠየቀው፣ ቀናት ይወስዳል» አለች። «አሁን አርባ ሦስቱን ይስጡና የቀሩትን ‹አልቀረቡም› የሚለውን ነክተው ይመለሱ። በሚቀጥለው ዙር እናያለን።»

ከመቃብሩ ላይ ሆኜ ቁልቁል አየሁ። «አልቀረቡም» የተባሉት ቆመው ያዩኛል። መቶ ምናምን ሰው ብርድ ላይ ቀርቧል። ያ የድሮ ወረቀት ትዝ አለኝ፤ «በገዛ ፈቃዴ» የሚለው።

«ቤቲ፣ የክርስትና ስምሽ ማነው?»

«ለምን?»

«ንገሪኛ፤ ጠንቋይ አይደለሁም።»

«... ወለተ ሥላሴ።»

«እንግዲያው አንቺም ተሰርዘሻል። እዚህ ስድስት ወለተ ሥላሴ አሉ፣ አንዷ ስንዴሽን ወስዳልሻለች። አንቺ ደግሞ ‹አልቀረበችም› ተብለሻል። ቀርበሻል ወይስ አልቀረብሽም?»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ። «አለቃዬን አነጋግሬ ልመለስ» አለች። ቀኛዝማቹ ላይ አንድ ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩ፣ እግሬ ደነዘዘ። ተመልሳ ደወለች። ዝርዝሩን ለኔ ስልክ ትከፍትልኛለች፤ እያንዳንዱን ሰው በዓለም ስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም እንደ አዲስ ልጽፍ፤ ግን የሚከፈተው እስከ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ይዘጋል፣ ያላለቀው ስንዴ ይመለሳል።

ያደርነው እትዬ ጥሩወርቅ ከሚባሉ ሴት ቤት ነው። ባላቸው ሞቷል፣ ልጆቻቸው ርቀዋል። ከአሥራ አንዱ ወለተ ማርያሞች አንዷ ናቸው፤ ማለትም ተሰርዘዋል። ግቢያቸው ከመኪናው ስለሚቀርብ «እኔ ዘንድ» አሉ፣ ማንም አልተከራከራቸውም። ድንች ቀቅለው አቀረቡልን። እውነቱን ልናገር፣ ድንቹ ቡቃያ ያወጣ ነበር፣ ቆርጠው ጥለውለታል። በሆዴ «አዳማ ይህን ለፍየል ነው የሚሰጡት» አልኩ። ግርማ ግን ሦስት ጊዜ አስጨመረ።

አምስተኛው ቀን፣ ኅዳር አሥራ አንድ። በጠዋት የኔታ ደጅ፣ በግ ለምድ ላይ ተቀመጥን። ሕዝቡ ተሰለፈ። አንድ ችግር መጣ። የክርስትና ስም እዚያ አገር በአደባባይ አይጠራም፤ ክፉ ሰው ከሰማው ይደግምበታል ይባላል። ለየኔታ ነው አምነው የሰጡት። እኔ ደግሞ ትናንት ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ከሰልፉ አንዲት ጎልማሳ ሴት ወጣች።

«የኔታ! የክርስትና ስሜን አዲስ አበባ ሰደዱት?»

«ለስንዴ ነው ልጄ።»

«መተተኛ እጅ ቢገባስ?»

«የአዲስ አበባ መተተኛ ጮቄ ድረስ አይወጣም፤ ብርዱን ይፈራል።»

«ይህ የቆላ ሰውዬስ?» አለች ወደኔ አገጯን እየቀሰረች።

«እሱ ስልኩን መክፈት አቅቶት ላብ በላብ ሆኗል፤ ድግምት ከየት ያመጣል?»

ስለዚህ እንዲህ ሠራን። ሰው ሲቀርብ የኔታ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው የክርስትና ስሙን ያንሾካሹካሉ። እኔ ከወረቀቱ ላይ ፈልጌ ምልክት አደርግበታለሁ። ከዚያ ሰውየው የዓለም ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። መቶ ዘጠና ሰው። በአንድ ጣት። በየትኛው ቢሉ፣ በዚያው በአውራ ጣቴ። ከሥራ ያስወጣኝ አውራ ጣት ያን ቀን ሰው ሲያስገባ ዋለ።

የኔታ ያለ መነጽር ሩቅ እንጂ ቅርብ አይታያቸውም፤ ቢሆንም ዝም አይሉም። «ጻፍከው?» ይላሉ። «ጻፍኩ።» «አንብብልኝ።» አነባለሁ። «አባቱን ዘለልክ።» መልሼ እጽፋለሁ። የማታ ትምህርት አስተማሪዬ እንኳ እንዲህ አላሠቃየኝም። አያቱን የማያውቅ ሰው ሲመጣ የኔታ ያውቁለታል። አንዱን እንደውም «አይደለም፣ አያትህ እሱ አይደለም፤ ያ እንጀራ አያትህ ነው» ብለው በሰልፍ ፊት ዘሩን አስተካከሉለት።

ሰማንያ ሰው ስንደርስ ስልኩ ባትሪው አለቀ። መብራት የለም፣ መኪናውም ስልክ መሙያ የለውም። በዚያ ቀበሌ ኤሌክትሪክ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው፣ በፀሐይ የሚሞላ። እሱ ደግሞ ለሚካኤል ዋዜማ እየሞላ ነው። ካህናቱ ተጨቃጨቁ። የዓመቱ ትልቅ ንግሥ ያለ ማጉያ ሊያልፍ?

የኔታ መቋሚያቸውን መሬት መቱ። «መልአኩ ጆሮው አልደነቆረም። ስልኩን ሰኩት።»

ተሰካ። ስልኩ እስኪሞላ ተቀምጠን ስንጠብቅ የኔታ «ጥሩወርቅ ምን አበላችህ?» አሉኝ።

«ድንች። ቡቃያ ያወጣ ድንች» አልኩ፣ ፊቴን አኮማትሬ።

የኔታ አዩኝ። «የዘር ድንቿ ነው። ለበልግ የምትተክለው። ሌላ ምን አላት ብለህ?»

እኔ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፣ ያን ቀንም አላለቀስኩም። ግን ግርማ ከመኪናው ላይ ሆኖ «ዛሬም ድንች ይሆን እራቱ?» ሲል ድንጋይ ወርውሬ ሳትኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መቶ ዘጠናኛውን ጻፍኩ፣ ቀኛዝማቹ ላይ ወጥቼ ላክሁ። ማታ እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ማሰሮ ሊጥዱ ሲነሱ ከግርማ ስንቅ ያለንን ዳቦ አወጣሁና «የኛ አገር ሥርዓት ነው፣ በሁለተኛው ቀን የሚያበላው እንግዳው ነው» ብዬ ዋሸሁ። ግርማ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት።

ስድስተኛው ቀን፣ ሚካኤል። ጠዋት ዝርዝሩ መጣ፤ መቶ ዘጠና፣ ሙሉ። ቢሆንም ዓመታዊ በዓል ነው፤ በሚካኤል ቀን ጆንያ ተሸክሞ መሄድ ሥራ ነው ወይስ አይደለም? ሽማግሌዎች ተከራከሩ። የኔታ «ለራሱ የሚጭን ሠራ፣ ለተራበ የሚጭን አልሠራም» ብለው ዘጉት። ግርማ «ሾፌሩም ጸድቋል በሉኛ!» አለ። «ድንቹን ስትተፋ» አሉት የኔታ። ሦስት ጊዜ ማስጨመሩን ነግሬያቸው ነበር።

ታቦቱ ወጣ፣ ዞረ፣ ቆመ። ሰባኪ ተነሣ። ማጉያ ስለሌለ ወጣቱ ሰባኪ በጉሮሮው መጮህ ነበረበትና «ይደክመዋል፣ ያሳጥራል» ብዬ ተጽናናሁ። ምን ይደክመዋል! አራት ሰዓት ሆነ። የሚካኤልን ተአምር አንድ በአንድ ያወርደዋል። አራት ተኩል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ የኔታ እኔን ያዩኛል። መጨረሻ የኔታ ከኋላው ሄደው በመቋሚያቸው ጀርባውን ነካ አደረጉና አንድ ነገር አሉት። ሰባኪው ወዲያው «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ብሎ ጨረሰ። ምን እንዳሉት በኋላ ጠየቅኳቸው። «‹የሚቀጥለው ተአምር መኪና ላይ ነው› አልኩት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጆንያ ነው። ስልክ፣ ምልክት፣ ስም፣ አረንጓዴ። ስልክ፣ ምልክት፣ ስም፣ አረንጓዴ። አንዳንዱ ሽማግሌ አረንጓዴውን ሲያይ ያማትባል። እኔም በልቤ ያን ማሽን መስደብ ትንሽ ቀነስኩ። መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ደረስኩ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ።

መጨረሻ የቆሙት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። «እንግዳ ያስተናገደ ይቅደም» ስላቸው «ቤቴ ቅርብ ነው፣ የሩቁ ሰው ይቅደም» ብለው ነው የቆዩት። ጆንያቸው ላይ አነጣጠርኩ፣ ስማቸውን ነካሁ። አረንጓዴም አልሆነም፣ ቀይም አልሆነም። አንዲት ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«እያሰበ ነው።»

«ምን ያሳስበዋል? ጆንያው አለ፣ እኔ አለሁ።»

ሌላውን ሁሉ ጠዋት ከመጣው ዝርዝር እያየ ነበር፤ የመጨረሻዋን ለመዝጋት ግን ኔትወርክ ፈለገ። ወደ መቃብሩ ሮጥኩ፣ ግን ምልክቱን መልሰህ አንሳ አለኝ፤ ጆንያው ደግሞ መኪናው ጋ ነው። ግርማ፣ ያ ወፍራም፣ ጆንያውን አንስቶ ተከትሎኝ ሮጠ፤ ድንቹ ሥራ ላይ ዋለ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ይዘው ከኋላ፣ የኔታ በመቋሚያ ከኋላ። ቀኛዝማቹ ላይ አራት ሰውና አንድ ጆንያ ወጣን። ሌላው ሕዝብ ቆሞ ያየናል። ክቧ ትሽከረከራለች። እትዬ ጥሩወርቅ ዝቅ ብለው ድንጋዩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ጌታዬ፣ በሕይወትዎ እንኳ ደግ ነበሩ» አሏቸው፤ ቀኛዝማቹን።

አረንጓዴ በራ።

እልል ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ግርማ ሊሆን ይችላል፣ ቀጭን ድምፅ አለው።

ከሰዓት በኋላ ተነሣን። ሰባተኛው ቀን ሉማሜ ላይ ጋቢውን መለስኩ፤ ሴትዮዋ «በረደህ አይደል?» ከማለት ሌላ አልተናገረችም። አዳማ ስገባ ሞቀኝ፣ ያም አናደደኝ። በሳምንቱ ቢሮ ሪፖርት ሲነበብ ተገኘሁ፤ «የተደጋገሙ ስሞች በሥርዓቱ አማካይነት ተለይተው ተስተካክለዋል» ይላል። ሥርዓቱ አውራ ጣቴ ነው ልል አፌን ስከፍት ቤቲ ከወዲያ ጥግ ጠቀሰችኝ፣ ዝም አልኩ። እሷ አሁን ቅጹ ላይ «የዓለም ስም» ብላ አስገብታለች። ብልህ ልጅ ናት።

ከዚያ ከመነሳታችን በፊት የሆነውን ግን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። መኪናው ሞተር አስነስቶ፣ የኔታ መስኮቴ ሥር መጡ።

«ስምህን ስጠኝ» አሉኝ።

«በላቸው ነው፣ ያውቁታል።»

«እሱ ለስልክህ ነው። ለኔ መዝገብ የሚሆነውን።»

ለሰው ነግሬው አላውቅም። ለሚስቴም ቢሆን የነገራት ያጋባን ቄስ ነው። ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ላይ አንሾካሾክሁላቸው። እዚህ አልጽፈውም፤ መተተኛ አዳማም አለ። የኔታ ከጉያቸው የምሕላውን መዝገብ አወጡና፣ ዓይናቸውን አጨንቁረው፣ ጻፉ።

«በዚህ ስም አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አሉን» አሉ።

ከዚያ ትንሽ አሰቡና ከስሜ ጎን አንዲት ቃል ጨምረው መዝገቡን ወደኔ አዞሩት። እኔው ራሴ አነበብኩት፤ «ዘአዳማ» ይላል።

«እንዳትሰረዝ ነው» አሉኝ።